ለገዳዮች ውሃ የሰጠችው አሪየት

አሪየት መሞቷን የነገረኝ ግራ ጆሮዋን ያደነቆረው ሰው ነው። ኦጁሉ ይባላል፤ የሟች ባሏ ታናሽ ወንድም ነው። ክንዱ ላይ ያለው የተላጠ ጠባሳ ደግሞ የእኔ የእጅ ሥራ ስለሆነ በደንብ እንተዋወቃለን። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ያለችው ሻይ ቤቴ በር ላይ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ ተገተረ። እኔ ግማሹ አመድ የሆነ ከሰል ካመጣልኝ ሰውዬ ጋር እየተነታረክሁ ነበር።

"ወይ ግባ ወይ ውጣ፤ ንፋሱን አትከልክለኝ" አልኩት።

"አሪየት የለችም" አለኝ። "ጎግ እህቷ ቤት ወባ ያዛት። ወደ ሆስፒታል ስናመጣት፣ አቦቦን እንዳለፍን መኪና ላይ ሞተች።"

ከሰሉ ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩ። ከሰል ሻጩ ሂሳቡን ሳይጠይቀኝ ወጥቶ ሄደ። ኦጁሉ ግን እንደቆመ ነው። ሸምግሏል፤ ጺሙ ነጭ ሆኗል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው።

"ሬሳዋ ቤቷ ነው። ሰው እየመጣ ነው" አለ። "አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቋንቋውን ነግራሻለች አይደል?"

"ገና አፈር ሳትለብስ?" አልኩት። "ሂድ ከፊቴ።"

"እሺ። ግን ካልነገርሽኝ ወንድሜ አጠገብ አትቀበርም። እዚሁ ከተማ፣ ዘመድ እንደሌለው ሰው ትቀበራለች። ቤተሰቡ እንደዚህ ብሏል" አለና ሄደ።

ውሃ አፍልቼ ነበር፤ ሲወጣ ዐይኔ ማንቆርቆሪያው ላይ አረፈ። እግዜር ይይልኝ፣ ያን ቀን ግን አልደፋሁበትም።

ኦጁሉ የጠየቀኝን ለመረዳት ከመጀመሪያው መነሳት ያስፈልጋል። አሪየት ባሏ በሕይወት እያለ ጎግ ውስጥ፣ ከመንደሩ ዳር ባለች ጎጆ ነበር የምትኖረው። ባሏ ኦሞድ ይባላል። ልጅ አልወለዱም። ያኔ ከራሷ ከአኝዋክኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አታውቅም፤ አማርኛዋ ራሱ ከ"ደህና ነህ" አያልፍም ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንዶቹ ወንዝ ወርደው ሳለ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ከጫካው ወጥተው ደጇ ላይ ቆሙ። ፊታቸውን በሻሽ ጠቅልለዋል። ልብሳቸው የወታደርም የገበሬም ነው፤ ከማን ወገን እንደሆኑ አይለይም።

በእነሱ አገር ደጅህ ላይ የቆመ ሰው "ማን ነህ?" የሚባለው ውሃውን ከጠጣ በኋላ ነው። ቀድሞ መጠየቅ ነውር ነው። አሪየት ከማሰሮው በቅል ቀድታ ሰጠቻቸው። ሻሻቸውን እስከ አገጫቸው ብቻ ዝቅ እያደረጉ፣ ቅሉን እየተቀባበሉ ጠጡ። በዚህ መሀል ኦሞድ መቆፈሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከበቆሎው ማሳ ብቅ አለ።

ከመካከላቸው ትልቅ የሚመስለው ሰው የጠመንጃውን አፈሙዝ ወደ ኦሞድ አነሳና ለጓደኞቹ አንዲት አጭር ነገር ተናገረ። ኦሞድ አፈሙዙን አየ። መቆፈሪያውን ጥሎ ወደ በቆሎው ሮጠ። ከሁሉም የሚያንሰው ልጅ ተኮሰ። አሪየት በቆሎው ሲሰባበር ሰማች፤ ከዚያ ምንም አልሰማችም። ትልቁ ሰውዬ ዞር ብሎ የተኮሰውን ልጅ ፊቱን በጥፊ አጮለው፤ ልጁ ተንበረከከ። ፍየሎቹን እንኳ ሳይነዱ ተመልሰው ጫካ ገቡ። ጥፊው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባትም።

ባሏን ጎትታ ስታወጣው አንገቱ ላይ ተመትቶ ነበር። ደሙ አፏ ድረስ ገብቶ ነበር አለችኝ፤ ጨው ጨው ይላል። ያቺ አጭር ነገር ግን ጆሮዋ ውስጥ ቀረች፤ ትርጉሟን ሳታውቅ፣ ከነድምፅዋ፣ ከነቃናዋ።

መንደሩ ተሰበሰበ። "ምን ብለው ተናገሩ? እስቲ ድምፁን አውጪው" አሏት። አፏን ከፈተች። ዙሪያዋን አየች። ጠመንጃ ቀድሞ ወጥቷል፤ ጦር የሚስሉ አሉ፤ እያንዳንዱ የየራሱን ጠላት ጠርጥሮ ጨርሷል። ድምፁን ብታወጣው ከመካከላቸው አንዱ ማወቁ አይቀርም። በማግስቱ የዚያ ቋንቋ መንደር፣ ከነልጆቹ፣ ከነአሮጊቶቹ ይቃጠላል። አፏን መልሳ ዘጋች።

"ረሳሁት" አለች።

የባሏ እናት ግን መሬት ላይ የተጣለውን ቅል አየችው፤ እርጥብ ነው። "አጠጣሻቸው እንዴ?" አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሟ ተለወጠ። ለገዳዮች ውሃ የሰጠችው። እንጨት ስትለቅም፣ ውሃ ስትወርድ፣ በዚሁ ነው የሚጠሯት። ድንጋይ የወረወሩባትም ነበሩ። ለቅሶው ሳይወጣ ተነስታ ጋምቤላ ከተማ ገባች።

ያቺን ነገር ለሰው መጠየቅ አትችልም። የጠየቀችው ሰው ቋንቋውን ያውቅባታል፤ እዚህ ከተማ ደግሞ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ስለዚህ ዕድሜዋ አርባ ካለፈ በኋላ፣ ፊደል ያልቆጠረች ሴት፣ ይህ ምድር የሚናገረውን ቋንቋ ሁሉ አንድ በአንድ ልትማር ተነሳች። አንዱ ውስጥ ያቺ ነገር ተቀምጣለች።

እኔ ጋ ሥራ ስትጠይቅ ይህን ሁሉ መች አውቄ። አባቴ ከወሎ በሰፈራ አቦቦ የመጣ ገበሬ ነው፤ እኔ ከዚያ ከፍ ስል ከተማ ገብቼ ሻይ ቤት ከፈትኩ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ "እትዬ አሪየት" ስላት "እትዬ ምንድን ነው? ስሜን አታስረዝም" አለችኝ። ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነበር የምትለው። መጀመሪያ አርማት ነበር፤ በኋላ ተውኩት። አሳ እንድትጠብስ፣ ብርጭቆ እንድታጥብ ቀጠርኳት። ብርጭቆ አጣጠቧ አይነሳ። አሳው ግን፣ ማርያምን፣ እንደሷ የሚጠብስ አላየሁም።

ወር ሳይሞላት አንድ የጁባ ነጋዴ ሻዩ ውስጥ ጨው አገኘ። በዓረብኛ ይወርድባት ጀመር። እሷ እጇን አጣምራ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ሰባኪ እንደምትሰማ ሁሉ ደስ ብሏት ትሰማዋለች። ሰውዬው ይብስ ተናደደና በጥፊ አላት። መጥበሻውን አንስታ ከነዘይቱ ጭኑ ላይ አሳረፈችለት። ወንበር ተሰበረ፤ ብርጭቆ ረገፈ። እኔ ጩኸቴን አቀለጥኩት።

"ደንበኛዬን አባረርሽው" አልኳት።

"አልተባረረም" አለችኝ ከንፈሯ እየደማ። "ነገ ይመጣል። ስድቡን አልጨረሰም።"

እውነትም በነጋታው እያነከሰ መጣ። ቁጭ ብሎ ሻይ አዘዘና የሰማችውን ስድብ መልሳ ስትለው አነጋገሯን እያረመላት ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጨዉን ሆን ብላ እንደጨመረችው የገባኝ ያኔ ነው። ሌላ ጊዜ የኤንጂኦ ሾፌር እንቁላል ሲያዝ አሳ ታቀርባለች፤ የኑዌሩ ልጅ ሁለት ስኳር ሲል ባዶ ሻይ ታመጣለታለች። ተቆጣሁ፣ ደመወዟን ቆረጥኩ፤ ምንም አልመሰላት።

"የሰላም ቋንቋ ምንም አያስተምርህም" ትለኝ ነበር። "ሁሉም ደህና ነኝ ደህና ነኝ ይላል። ሰው ሲናደድ ግን ቤቱ ያለውን ቃል ሁሉ ያወጣል።"

እኔ አኝዋክኛ ልልመድ ብዬ ሞክሬ ምላሴ ሲተሳሰር አፍሬ ዝም ካልኩ አትለቀኝም። "አንተ እኮ አትማርም፤ ታፍራለህ። ልጅ ቶሎ የሚለምደው ቢሳሳት ግድ ስለሌለው ነው። ትልቅ ሰው መሳሳት ሞት ይመስለዋል። ተሳሳት፤ ይሳቅብህ፤ ይመቱህ። ሞት እሱ አይደለም፤ ሞትን እኔ አይቼዋለሁ።" እንዲህ እያለች፣ ምን ቢሉ ጥሩ ነው፣ እኔንም አስተማረችኝ። ዛሬ ከደንበኞቼ ጋር በየቋንቋቸው የምጨቃጨቀው በሷ ነው።

ዋናው ትምህርት ቤቷ ግን ለቅሶ ቤት ነበር። ሰው ሞተ ሲባል፣ የማንም ይሁን የማን፣ ጄሪካኗን አንጠልጥላ ትሄዳለች። ከቦኖ ውሃ እየቀዳች ለለቀስተኛው ታድላለች። ውሃ የሚቀዳን ሰው ማን ያባርራል? ለቅሶ ቤት ደግሞ አንድ ነገር አለው። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ሟቹ እንዴት እንደሞተ እንደገና ይተረካል። ጠዋት ምንም ያልገባት ወሬ ከሰዓት በኋላ ግማሹ ይገባታል፤ ሲመሽ እሷ ራሷ ለሚመጣው ሰው ትተርከዋለች። እሑድም ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ወደ ሌላው ትሄዳለች። የሚነበበው ታሪክ ያው ስለሆነ፣ በአንዱ ቋንቋ የምታውቀውን በሌላው ትሰማዋለች። ኑዌርኛ፣ የጁባ ዓረብኛ፣ ኦሮምኛ፣ የሰፋሪዎቹን ከምባትኛ፣ መዠንግርኛ፣ እንግሊዝኛም እንደነገሩ። ያልጠራኋቸውም አሉ። ያቺ ነገር በየትኛው እንደነበረች፣ ከጠራኋቸው ትሁን ካልጠራኋቸው፣ ከእኔ አትጠብቁ።

በሁሉም ለቅሶ የምትገኝ ሴት ደግሞ ሁሉም ይጠረጥራታል። አንዱ ወገን የሌላው ሰላይ ናት አለ፤ ሌላውም ለወዲያኛው ሰጣት። ፀጉሯን ይዘው ከድንኳን ያስወጧት ጊዜ አለ። አንዴ በብሎኬት ጀርባዋን መትተዋት ሳምንት ጎብጣ ሰነበተች። ስትድን ጄሪካኗን አንስታ ሄደች። "እንዴት ያለች ደረቅ ናት" እል ነበር፤ ምክንያቷን ስላላወቅሁ።

አንድ ጊዜ ከተማው ሲረበሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ ተኩስ ነው፤ አንድ የቀን ሠራተኛ ራሱ ተፈንክቶ እየደማ ሻይ ቤቴ ውስጥ ዘሎ ገባ። ቆንጨራና ዱላ የያዙ ጎረምሶች ከኋላው ይሮጣሉ። እኔ ጠረጴዛ ሥር ገባሁ፤ ምን ልሁን? አሪየት አሳ የምትበልትበትን ቢላ እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። በጎረምሶቹ ቋንቋ፣ እናት ያበላሸ ልጇን በምትሰድብበት አፍ፣ ታወርድባቸው ጀመር። በኋላ ስትተረጉምልኝ ጆሮዬን ይዣለሁ። ቆሙ። አንደኛው "እናቴን ታውቂያታለሽ?" አላት።

"አባትህ የሞተ ጊዜ ውሃ የቀዳሁላችሁ እኔ ነኝ" አለችው። "የጠጣኸው ውሃ አንጀትህን ያቃጥለው፣ ዛሬ እዚህ ደፍ ላይ ደም ብታፈስ።"

ልጁ ቆንጨራውን ዝቅ አደረገ። አብሮት ያለው አንዱ ግን በንዴት በሩን በቆንጨራ ሲመታ ስለቱ የአሪየትን ክንድ ተረተረው። ነጩ ሥጋ ታየኝ። እሷ ቦታዋን አልለቀቀችም፤ እነሱ ናቸው የሄዱት። የቀን ሠራተኛው ከጠረጴዛው ሥር አጠገቤ ተኝቶ ያለቅስ ነበር። ክንዷን በመጋረጃዬ አሰርኩላት። ታሪኳን በሙሉ የነገረችኝ ያን ቀን ነው፤ ተኩሱ እስኪበርድ ወለሉ ላይ ተቀምጠን።

ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ አንድ ወጣት መንገድ ላይ ከመኪና አውርደው ገደሉት። የማን ልጅ እንደሆነ አልናገርም። ለቅሶው አስፈሪ ነበር። በሩን የሚጠብቁ ወንድሞቹ ዓይናቸው ደም ለብሷል፤ ባዕድ ሰው ዝር አይልም። "ዛሬስ ይቅርብሽ፣ አርደው ይጥሉሻል" አልኳት። ጄሪካኗን አነሳች። እየተራገምኩ ተከተልኳት።

እንደ ልማዷ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ ስታመላልስ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ከሟቹ ወንድሞች አንዱ ጄሪካን ተሸክማ ስትገባ አንገቷን አነቃት። በሌላው እጁ ጩቤ ይዟል። "ይቺ የማን ናት? ማን አስገባት?" ብሎ ጮኸ። የሟቹ እናት ሰሌን ላይ ተኝታ ነበር፤ ድምፅዋ በለቅሶ ጠፍቷል። ቀና ሳትል አንዲት አጭር ነገር ተናገረች። ወንድሙ እጁን አላላ።

ጄሪካኑ ከአሪየት ራስ ላይ ወደቀ። ውሃው በለቀስተኛው ወንበር ሥር ሁሉ ፈሰሰ። እኔ ጩቤው ያገኛት መስሎኝ ዘልዬ ያዝኳት። ቁስል የለም። ግን ቆማ ልትሄድ አልቻለችም፤ ጎትቼ አወጣኋት።

ባሮ ዳር ካለው ማንጎ ሥር አስቀመጥኳት። ከእኔ ጋር ሁልጊዜ በአማርኛ ነበር የምታወራው። ያን ቀን ግን በአኝዋክኛ ተናገረች፤ ሲብስባት ወደ ራሷ ቋንቋ ትመለሳለች።

"ይቺው ናት" አለችኝ። "ቋንቋውን ብለምደውም፣ ሰው በዚያ ቃና ሲላት እስክሰማ አልለየኋትም። እናትየዋ ለልጇ ያለችው ገብቶሃል?"

ገብቶኛል። ልቀቃት፣ ውሃ ሰጥታናለች ነው ያለችው።

"ያ ሰውዬም ያለው ይህንኑ ነው። 'ልቀቁት፤ ሚስቱ ውሃ ሰጥታናለች።' አፈሙዙን ያነሳው 'ይኸኛውን' ብሎ ሊያሳያቸው ነው። እጁ ላይ ሌላ ነገር አልነበረም። ለዚህ ነው ልጁን የመታው።"  ከዚያ መልሱን እንደማውቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። "ታዲያ ኦሞድ ለምን ሮጠ?"

"ስላልገባው ነዋ" አልኳት።

"እኔም አልገባኝም። ገብቶኝ ቢሆን አትሩጥ እለው ነበር።"

እንዲህ አድርጋ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። ያለቀሰችው ኦሞድ ትናንት የሞተ ይመስል ነው። እኔም አለቀስኩ፤ ለማላውቀው ለኦሞድ፣ ለሷም፣ ለዚያች ሰሌን ላይ ለተኛች እናትም። ስንረጋጋ ንዴቴ መጣ። "ተነሽ ጎግ እንሂድ" አልኳት። "ለነዚያ ለአማቶችሽ ንገሪያቸው። ውሃሽ ሊያድነው ነበር፤ ስምሽ ይጥራ።"

"ከዚያስ?" አለችኝ። "'በምን ቋንቋ?' አይሉም? ትርጉሙን ካወቅሁ ቋንቋውን አወቅሁ ማለት ነው፤ እስክናገር ይደበድቡኛል። ያቺ እናት ገና ይህን ልጇን አልቀበረችም። ረሳሁት ይሻላል።"

ኦጁሉ ከጎረምሶች ጋር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በአቦቦ መንገድ ሰው ተገድሎ ነበርና ሁሉም ደም የሚመልስበትን ይፈልጋል። የወንድሙን ደም አሮጌ ነው ብሎ የሚተው ሰው አልነበረም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ደንበኞቼን አስነስቶ አስወጣና ፊት ለፊቷ ቆመ።

"ይህን ሁሉ ቋንቋ የምትችል ሴት፣ ያቺን ብቻ ረሳች?" አላት። "ዛሬ ትነግሪኛለሽ።"

"ረሳሁት" አለች አሪየት።

"ማንን ነው የምትደብቂው? ውሃ እንዳጠጣሻቸው አሁንም ታጠጫቸዋለሽ?"

ጥርሷን ስትነክስ አየሁ። መልሱ አፏ ውስጥ ነው። አንዲት ቃል ብትናገር ያ ሁሉ ዓመት የተሸከመችው ስም ይወድቅላት ነበር። "ረሳሁት" አለች እንደገና። ኦጁሉ የዱላውን ራስ ጆሮ ግንዷ ላይ አሳረፈው። ድምፁ አሁንም ይሰማኛል። ወደቀች፤ ከጆሮዋ ደም ወረደ። እሱ ሊደግም ዱላውን ሲያነሳ የሚንተከተከውን ማንቆርቆሪያ አንስቼ ክንዱ ላይ ደፋሁት። ቆዳው ከነሸሚዙ ተገፈፈ። እንደ በሬ ጮኸ። ጎረምሶቹ ሊውጡኝ ሲመጡ ሰፈሩ ደረሰልን።

ሽማግሌ ገባ፤ ታረቁ ተባለ፤ ታረቅን። ግራ ጆሮዋ ግን ድምፅ አልመለሰም። ቋንቋ መማሩን ትተወዋለች ብዬ ነበር፤ የፈለገችውን አግኝታለች። አልተወችውም። "ቀኙ ይበቃኛል፤ ግራው ስድብ ብቻ ነበር የሚሰማው" ብላ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ለቅሶ ቤት ስትሄድ ቀኝ ጆሮዋን ወደ ሰዎቹ አዙራ ነው የምትቀመጠው። ያቺ ልጇን ያጣች እናት ጋም ትመላለስ ነበር፤ እህትማማች ሆኑ።

እንግዲህ ይቺ ሴት ናት ቤቷ ውስጥ በአቡጀዲ ተጠቅልላ የተኛችው። ስደርስ ሸራ ተወጥሯል፤ ሰው ሞልቷል። በየጊዜው ውሃ የቀዳችላቸው ሁሉ መጥተዋል። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ስለማይሰማ እኔ ከዚህ ወደዚያ ስተረጉም ምላሴ ደረቀ። ከጎግ የመጡት የባሏ ዘመዶች ለብቻቸው ተቀምጠዋል። አንዲት አሮጊት አክስት ሬሳው ባለበት፣ ሰው እየሰማ፣ "ለገዳዮች ውሃ የሰጠችው" ብላ ጠራቻት።

ሰውነቴ ጋለ። ኦጁሉም ጊዜው አሁን ነው ብሎ ተነሳ። ከኋላው ያንን ታሪክ እየሰሙ ያደጉ ጎረምሶች አሉ። "ዘነቡ" አለኝ። "ሰው ሁሉ ይስማ። ታውቂያለሽ ወይስ አታውቂም?"

"አውቃለሁ" አልኩት።  በአኝዋክኛ ቀጠልኩ፤ ለዚያች አሮጊት ትርጉም እንዳያስፈልጋት። "ውሃውን ጠጡ። ኦሞድ መጣ። ትልቁ ሰውዬ 'ልቀቁት፤ ሚስቱ ውሃ ሰጥታናለች' አለ። ያለው ይህን ነው። ኦሞድ አልገባውምና ሮጠ፤ ልጁም ተኮሰ። ሰውዬው የተኮሰውን መታው። ውሃዋ አልገደለውም፤ ውሃዋ አድኖት ነበር። ይህን እያወቀች ነው ጆሮዋን የሰበርከው።"

አሮጊቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ኦጁሉ ክንዱ ላይ ያለውን ጠባሳ ይዞ ቆመ።

"በምን ቋንቋ?" አለ። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም።

"ለእኔ የነገረችኝ በአኝዋክኛ ነው" አልኩት። "በአንተ ቋንቋ።"

ጎረምሶቹ ተንጫጩ። አንዱ ገፈተረኝ፤ ከንፈሬ በጥርሴ ተሰነጠቀ። ኦጁሉ እጁን አነሳ። የሚመታኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ጎረምሳውን ነው ወደ ኋላ የገፋው። ከዚያ ወደ ሬሳው ዞረ።

"ለምን ሮጠ?" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። 

በዚህ መሀል ሌሎች ለቀስተኞች ገቡ። ፊት የምትመራቸው ልጇ የተገደለባት ያቺ እናት ናት፤ በፀሐይ በእግሯ መጥታ ላብ አጥምቋታል። ከጎግ የመጡት አያውቋትም። ኦጁሉ አየት አደረጋት። ማን ናችሁ አላለም። እንስራው ጋ ሄዶ በጆግ ውሃ ቀዳና በገዛ እጁ ሰጣት፤ አብረዋት ለመጡትም አዳረሰ። እናትየዋ ጠጥታ ስትጨርስ በቋንቋዋ ተናገረችው። ወደ እኔ ዞረ።

"ምን አለች?"

"ውሃ ስለሰጠኸን እግዜር ይስጥህ አለች" አልኩት። የከንፈሬን ደም ዋጥኩ። "አሪየትን የት እንደምትቀብሯትም ትጠይቃለች።"

ኦጁሉ ባዶውን ጆግ እንደያዘ ወደ አሮጊቷ አክስት ተመለከተ። አሮጊቷ በአዎንታ አንገቷን ነቀነቀች።

"ጎግ፣ ባሏ አጠገብ በያት" አለኝ። "መኪናው ሰፊ ነው፤ ከፈለጉ አብረውን ይምጡ።"

ነገርኳት፤ በቋንቋዋ።